ከነሣጥኑ

ቨርሊን ዴከር ጤፍ የሚቆላ አፍ አለው። ጊደር ይሁን ትራክተር፣ የሟች አልጋ ይሁን የከሳሪ እርሻ፣ በኤልም ፎርክ ከተማ አካባቢ ያለ እሱ አጫራችነት የሚሸጥ ነገር የለም። ለግዛቲቱ ምክር ቤት ያስመረጠውም ይኸው አፉ ነው። እንዲህ የሚናገር ሰው ማሰብማ አያቅተውም ብሎ የአገሩ ሰው ድምፁን ሰጠው፤ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ምክር ቤት ገብቶ ስም ያተረፈው በአንድ ሕግ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ የኖረውን የድጎማ ዓይነት ሁሉ በአንዴ ጠራርጎ የሚሽር ሕግ። ቨርሊን ገንዘቡ ሁሉ የሚሄደው ዋና ከተማው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ላላቸው ትምህርት ቤቶች ነው ብሎ አምኗል። ከሚሻሩት አንዱ ተማሪ ለሚያንሳቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው እንደሆነ ሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ግን ማን ያነባል? ጨረታ ላይ ኮተት በሣጥን ሲቀርብ ውስጡን የሚያገላብጥ አጫራች የለም። "ከነሣጥኑ" ብሎ ይሸጠዋል። ቨርሊንም ሕጉን ከነሣጥኑ አሳለፈው።

የነፃነት ቀን ሰልፍ ላይ ክፍት መኪና ላይ ቆሞ ከረሜላ እየበተነ "እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱን ይቻል" ሲል ከተማው በሙሉ አጨበጨበለት። ያጨበጨቡት ሰዎች ዛሬ ብትጠይቋቸው በዚያን ቀን ሁሉም ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ነበር።

በዓመቱ የኤልም ፎርክ ትምህርት ቤት ድጎማው ቀርቶበት ተዘጋ። ልጆቹ ሃርትዌል ሄደው ይማሩ ተባለ። ሃርትዌል ማለት በእግር ኳስ አባት ለልጁ ጠላትነቱን የሚያወርሰው ጎረቤት ከተማ ነው። ሰዉ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ ይልቅ ልጁ የሃርትዌልን ማሊያ መልበሱ አንገበገበው።

ቨርሊንን ግን ያንገበገበው ሌላ ነው። ሚስቱ አርሊስ በዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስታስተምር ነው ያረጀችው። በሩ ላይ ያለውን የነሐስ ደወል ጠዋት ጠዋት በገመድ ስባ የምትደውለውም እሷ ነበረች። መዘጋቱ ከተነገረ ወዲህ "ራት ቀርቧል" ከሚለው በቀር ቃል አልወጣትም። ሰውዬው የሚያወራው ሰው ቤቱ ውስጥ አጣ፤ እንደሱ ላለ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

የትምህርት ቤቱ ዕቃ ለጨረታ ሲወጣ አጫራቹ ማን እንደሚሆን ጠያቂ አልነበረም። በየመኸሩ ለትምህርት ቤቱ መርጃ የሚሆነውን የፓይ ኬክ ጨረታ በነፃ የሚመራው እሱ ነው። እሺ አለ። በልቡ ግን ደወሏን ገዝቶ ጓሮ ሊሰቅልላት፣ በዚያውም ሊታረቃት አስቧል። አጫራች በራሱ ጨረታ ስለማይገባ የአደን ጓደኛውን ሌስተርን እንዲጫረትለት አደራ አለው፤ "ደወሏ ስትወጣ አገጭህን ነቅነቅ አድርግ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው።"

ቅዳሜ የድርቆሽ ጋሪ ላይ ወጣ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳንድዊች ይሸጣሉ፣ ሰዉ ተጣጥፎ በሚያዝ ወንበሩ ተደርድሯል።

"ክቡር እንደራሴ፣" አለ አንዱ ገበሬ ዴስክ ሲቀርብ፣ "ይሄ እግሩ ተሰብሯል። ራሱን ይችላል?"

ሳቁ እስኪበርድ ቨርሊን ኮፍያውን አስተካከለ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

ደወሏ ወጣች። ሌስተር አገጩን ነቀነቀ። ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ፣ የአርሊስ እጅ። ቨርሊን ደስ አለው። ለካስ እሷም ፈልጋዋለች! ሌስተርን ዝም በል ብሎ ጠቀሰውና ሌላ ሰው ሳይቀድማት ቶሎ ዘጋው። "ተሸጠ፣ ለአርሊስ ዴከር።"

ሕዝቡ አጨበጨበ። እሱም ከልማዱ አላልፍ ብሎ፣ "እንግዲህ የኔ እመቤት፣ የት ልስቀልልሽ? ጓሮ ነው በረንዳ?" አላት።

"ሃርትዌል ትምህርት ቤት በር ላይ፣" አለች። "ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ነው የማስተምረው።"

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ቨርሊን ከጋሪው ላይ ጎንበስ አለ።

"ለሃርትዌል? ምን ነካሽ አንቺ? የኛ ደወል እኮ ነው።"

"የልጆቹ ነው። ልጆቹ ደግሞ እዚያ ናቸው።"

"በማን ገንዘብ ነው የገዛሽው?"

"በጋራ ሂሳባችን። ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሲወጣ ያምህ ነበር አይደል? ቻለው።"

ዕድሜ ልኩን ሲቆላ የኖረ አፍ አንዲት ፍሬ አጣ። ሌስተር ጨረታው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ቀጣዩን የኮተት ሣጥን ጋሪው ላይ አንሥቶ አኖረለትና "ይኼስ? ከነሣጥኑ ነው?" አለው።

ቨርሊን "ከነሣጥኑ" ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የአርሊስን ዓይን አየ።

"ቆይ፣" አለ። "መጀመሪያ ውስጡን ልየው።"

ተንበርክኮ ክዳኑን ከፈተ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ኮት መስቀያ ላይ የሚለጠፉ የስም ካርዶች ናቸው፣ በአርሊስ የእጅ ጽሑፍ። አንዱን አነሣ፣ ሌላውን አነሣ። ከጎረቤት ልጆች ስም መሀል ድሮ እዚያው የተማረችውን የራሱን ሴት ልጅ ስም አገኘና እሱኑ ይዞ ቀረ። ሰዉ እስኪጨርስ ጠበቀው። ያው ገበሬ ግን መታገሥ አልሆነለትም፦

"ክቡር፣ ማንበብ የጀመርከው ዛሬ ነው?"