የአራተኛው ፎቅ መስኮት

ሄቲ ራግ ሰባ ዓመት የሞላት የፈትል ፋብሪካው በተዘጋ በአስራ ስምንተኛው ዓመት ነበር። በዚያው መኸር ራልፍ ፐርቺስ የሚባል ወጣት የሕንፃ ባለሙያ ከደርቢ ከተማ መጣ። ፋብሪካው በቅርስነት ሊያዝ ስለሆነ፣ ጥገናው ሳይጀመር እያንዳንዱን ግድግዳ ለክቶ በወረቀት ማስፈር ነበረበት። ያልገባው ነገር ሲበዛበት የመንደሩን ሰው ጠየቀ፤ ሁሉም ወደ ሄቲ ላኩት።

«እኔ ስለ ግንብ ምን አውቃለሁ?» አለችው በሯ ላይ ቆማ። «የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው የማውቀው።»

«የምፈልገው እሱኑ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሚስ ራግ።»

«እንግዲያው ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ተናገር። ጆሮዬን ፋብሪካው በልቶታል። ከከንፈርህ ላይ ነው የማነበው።»

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። የድንጋዩ ደረጃ መሃል መሃሉ በሰው እግር ተበልቶ ጎድጉዷል። ሄቲ በየፎቁ ቆማ ታርፋለች።

«ድሮ ይሄን በአንድ ትንፋሽ ነበር የምወጣው።»

«ማን እያባረረዎት?»

«ደወሉ ነዋ። አንዴ ካመለጠህ በሩ ይዘጋል፣ የግማሽ ቀን ደሞዝ ሄደ ማለት ነው።»

አራተኛው ፎቅ ላይ ማሽኖቹ ተነቅለው ተወስደዋል፤ የቀሩት የብረት ምሰሶዎቹ ብቻ ናቸው፤ በሁለት ረድፍ እስከ ዳር ድረስ ተሰልፈዋል። ራልፍ ጣሪያውን እያየ፣ ቅስቱ ውስጥ ባዶ የሸክላ ማሰሮዎች እንደተቀበሩ፣ ግንበኞቹ ይህን ያደረጉት ክብደቱ እንዲቀል፣ እሳትም እንዳይበላው መሆኑን ነገራት። እሷ ግን ከንፈሩን እያየች አልነበረም። ወለሉን በጫማዋ ትጫን ነበር። ሰላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ወለል ከእግሯ በታች ሲንቀጠቀጥ ኖሯል፤ አሁን በድን ሆኗል።

«የዚህ ክፍል መስኮቶች ለምንድን ነው የማይከፈቱት?» አላት ራልፍ። «እዚያ ማዶ ባለው ክንፍ እያንዳንዱ መስኮት የሚከፈት መስታወት አለው።»

«ነፋስ ከገባ ክሩ ይደርቃል፤ ከደረቀ ይበጠሳል። እዚያ ግን ጥጥ የሚነደፍበት ነው። ብናኙ ደረት ይዘጋል። ካልከፈቱ ያልቃሉ።»

«እዚያ ሠርተው ያውቃሉ?»

«የእኛ ክፍል ልጆች እዚያ አይረግጡም ነበር» አለች ወደ ማዶ እያየች።

ሁለቱ ክንፎች በማዕዘን የተጋጠሙ ናቸው። እዚያ ማዶ፣ ከጥጉ በሦስተኛው መስኮት፣ አምብሮዝ ባግሾ ይሠራ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ሰውን ስለማያሰማ የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ በከንፈር ማውራት ያውቃል። ሄቲና አምብሮዝ ከግቢው ወዲህና ወዲያ ማዶ ሆነው ሁለት ዓመት ረፋድ ረፋዱን በከንፈር ተጫወቱ። አባቷ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር፤ ጠዋት እስከ በር ያደርሳታል፣ ማታ ከበር ይወስዳታል። የቀራቸው መስኮቱ ብቻ ነበር። በዚያ መስኮት ስለ አለቆቹ ይሳሳቃሉ፤ በዚያ መስኮት ያኮርፋታል፣ ይለማመጣታል።

አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ አምብሮዝ መስታወቱን ከፍቶ ብቅ አለ። ወደ ካናዳ መሄዱ ነው። «እሺ ካልሽኝ ቅዳሜ በስድስት ሰዓቱ ባቡር አብረን እንሄዳለን» አለ ከንፈሩ። «ካልሆነም በጠዋቱ እሄዳለሁ።» ሄቲ ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «እሺ፣ ጠብቀኝ» አለችው። ሦስት ጊዜ። እሱ ትንሽ ወደ መስኮቷ አየ፣ አንገቱን ደፋ፣ መስታወቱን ዘጋ።

ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ሻንጣዋን ይዛ ጣቢያው ላይ ቆመች። አምብሮዝ በጠዋቱ ሄዷል።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ሁለቱንም እምቢ ብላ መለሰች። አምብሮዝን ረገመችው፤ ናፈቀችውም። መርገሙ በአስር ዓመት ውስጥ አለቀ።

«ማዶ ልትለካ ነው?» አለችው ራልፍን። «ውሰደኝ።»

በታችኛው መተላለፊያ ዞረው ሌላውን ደረጃ ሲጨርሱ አስር ሰዓት ሆኖ ነበር። ከጥጉ ሦስተኛው መስኮት ላይ መስታወቱን ከፍታ ቆመች። የራሷን መስኮት ፈለገች፤ አላገኘችውም። ኮረብታው ላይ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ የዚያን ክንፍ መስታወት በሙሉ ነሐስ አስመስላዋለች። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ብታይም ያው ነው።

«አንተ ልጅ፣ ተመልሰህ ሂድና እኔ የነበርኩበት ቆመህ አንድ ነገር በለኝ።»

ራልፍ ግራ ቢገባውም ሄደ። ቆይቶ እያለከለከ መጣ።

«ምን አልኩ?»

«አላየሁህም።»

«እጄን ሳይቀር አውለበለብኩ እኮ። እኔ ግን እርስዎን ቁልጭ አድርጌ አይቻለሁ።»

«የኔ ክፍት ነዋ» አለች ሄቲ፣ የተከፈተውን መስታወት እየነካች። ከዚያ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ራልፍ አሟት መስሎት ውሃ ላምጣ አለ። «ተወኝ፣ የኔ ልጅ» አለችው። «ለክተህ ጨርስ።»

በማግስቱ ዳቦ ቤት ገብታ የአምብሮዝን የወንድም ልጅ ዶሪንን የአጎቷን አድራሻ ጠየቀቻት።

«አጎቴን ነው? ከአራት ዓመት በፊት አርፏል እኮ፣ እትዬ ሄቲ። ሴት ልጁ ግን አለች።»

ሄቲ ለልጁ ጻፈች። መልሱ ለመምጣት አምስት ሳምንት ፈጀ። «አባቴ ስለ አገሩ ብዙ አያወራም ነበር» ይላል ደብዳቤው። «እናቴ ከሞተች በኋላ ግን ለምን ብቻህን መጣህ ብዬ ስጠይቀው፣ አንዲት ልጅ ጠይቄ ዝም አለችኝ አለኝ። እርስዎ ነዎት?»

ሄቲ ደብዳቤውን ኩሽና ውስጥ ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣም ደገመችው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። አመሻሽ ላይ ወረቀት አወጣችና «ዝም አላልኩትም» ብላ ጀመረች። ፀሐይዋንም መስታወቱንም ጻፈችላት፣ ጣቢያውንም። መጨረሻው ላይ «መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ንገሪልኝ፤ ጮክ ብለሽ» አለች።

ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ከጨመረች በኋላ እዚያው ቆመች። ካፊያ ጀመረ። ዶሪን ዳቦ ቤቱን ዘግታ ስትወጣ አገኘቻት፣ ክንዷን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ቤቷ ወሰደቻት።