ጄኔራሉ በገና ሜዳ

ጋሼ ዘውዱ ለምክር ቤት ሊወዳደሩ ነው የተባለ ቀን ባጃጄን መሃል አስፋልት ላይ አቁሜ ጨፈርኩ። ትራፊኩ እየሮጠ መጥቶ ምን ነካህ ቢለኝ፣ የመንደሬ ሰው ፓርላማ ሊገባ ነው አልኩት። እንኳን ደስ ያለህ፣ ግን መንገዱን ልቀቅ ብሎ ሳይቀጣኝ ሄደ። እንዲህ ያለውን ትራፊክ ያብዛልን።

ለማያውቃቸው ልንገር። ጋሼ ዘውዱ የምላቸው ሌተና ጄኔራል ዘውዱን ነው። ከጋፋት፣ ከእኛው ከታች ቤት መንደር፣ ገና ጢም ሳያበቅሉ ወጥተው ወታደር ቤት ገቡ። ከተራ ወታደር ተነሥተው ትከሻቸው ላይ ሦስት ኮከብ ደረደሩ። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያርፋሉ ሲባል ፖለቲካ ውስጥ ዘው አሉ። እኔ ደግሞ ዋልልኝ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ፤ በገና ቀን ግን የታች ቤት ግጥም አውራጅ ነኝ። ላይ ቤትና ታች ቤት ዱላ ይዘው ሩሯን፣ ያቺን የገና ኳስ፣ ሲያራውጡ፣ ዳር ቆሜ ተጫዋቹንም ተመልካቹንም በግጥም የምሸነቁጠው እኔ ነኝ። ራሴን ማመስገን አልወድም እንጂ በዚህ ወረዳ የሚስተካከለኝ የለም።

በገና ሜዳ አንቱ የለም። ቄሱም ሊቀ መንበሩም ባለጸጋውም እኩል ይዘለፋል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? በእኛ መንደር ደግሞ የተቆጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሽማግሌ ሆኖ አይቀመጥም። ሊቀ መንበር ይሻው አንድ ዓመት ስለ ሰነፉ በሬያቸው ገጥሜባቸው ፊታቸው ሳንባ መሰለ፤ ትተውን ሄዱ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ባልና ሚስት እንኳ አስታርቁን ብሎ አልጠራቸውም። በግጥም የሚቆጣ ሰው በሰው ጉዳይ እንዴት ይፈርዳል? የእኛ ሕግ ይኸው ነው።

ታዲያ ጋሼ ዘውዱ ቅስቀሳቸውን በገና ዕለት ከተወለዱበት ሜዳ ሊጀምሩ ነው ተባለ። አገሩ ጮቤ ረገጠ። እኔ ግን ደስታዬ ውስጥ አንድ እሾህ ነበረ። ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው እመት ካሰች ሲያርፉ ጋሼ ዘውዱ ግንባር ላይ ነበሩ፤ ለቀብር አልደረሱም። ድንኳን ላኩ፣ ለተዝካሩ ሰንጋ ላኩ፣ ራሳቸው ግን ከዚያም ወዲህ ብቅ አላሉ። ሰው ፊት ለፊት አይናገርም። ገበያ ላይ፣ ጠላ ቤት፣ ባጃጄ ውስጥ ግን እናቱን ያልቀበረ አገር ሊያቀና ነው ወይ ይባላል። ይህች ሐሜት ሰኔ ላይ ምርጫው ሲደርስ ኮሮጆ ውስጥ ገብታ ሰውየውን እንደምትጥላቸው አወቅሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ከዚህ መሬት ለአንድ ጊዜ እንኳ የኛን ችግር በስሙ የሚጠራ ሰው ፓርላማ ቢገባ ብዬ ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ!

እማሆይ የሺ ዘንድ ሄድኩ። እማሆይ የእመት ካሰች የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ነበሩ፤ የተዘጋውን ቤታቸውንም ቁልፍ አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር አንጠልጥለው የያዙት እሳቸው ናቸው። ጭንቀቴን ነገርኳቸው። ብዙ አላሰቡም።

«ያልተዘፈነ ነገር ይታማል፤ የተዘፈነ ግን እዚያው ሜዳው ላይ ይቀራል» አሉኝ። «ዝፈነው። ካልተቆጣ ይመረጣል። ከተቆጣም ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።»

በዋዜማው ደረጄ የሚባል የቅስቀሳ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጣ። ሱፉ እንደ መስታወት ያበራል። ለጄኔራሉ ክብር ሲባል ዘንድሮ ዘለፋ የለም አለኝ፤ ውዳሴ ብቻ። ውዳሴውንም ራሱ ጽፎ አምጥቶልኝ ነበር። ልማትን ከመንገድ ጋር ቤት አስመትቶ! ደሜ ፈላ። ወንድሜ፣ እኔ ሰው የጻፈልኝን አልዘፍንም፣ ከፈለግህ ሜዳው ይኸው ራስህ ዝፈነው ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ ኋላ ትጠየቃለህ ሲል ሰማሁት። እንደዚያ ስል ጀግና መስዬ ነበር፤ ቤቴ ስደርስ ግን በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ።

የገና ዕለት! አቤት ሰው! ከላይ ቤት፣ ከታች ቤት፣ ከከተማም ሳይቀር ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ገለባ ብቻ የቀረበት ማሳ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነ። ላይ ቤቶች ዱላቸውን ቅቤ ቀብተው አምጥተዋል። የእኛ ቡድን አለቃ የድሮው የመቶ አለቃ ሞላ ነው፤ ከሜዳው ተጫዋች ግማሹ የቀድሞ ወታደር ነው፤ አገራችን ወታደር ታበቅላለች። ጥቁር መኪና መስታወቱን ዘግቶ እየተንሳፈፈ ሲመጣ እልልታው ቀለጠ። ጋሼ ዘውዱ ወረዱ። ቁመናቸው ያው ነው፤ ፀጉራቸው ግን ገብስ መስሏል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን ልዋሽ።

የመጀመሪያዋን ሩር እሳቸው እንዲመቱ ዱላ ሰጧቸው። ኮታቸውን አወለቁ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።  መቱ፣ ሩሯ ግን ቁጭ ብላ ቀረች። አፈር ብቻ ቡን አለ። ከዚህ በኋላ እኔን ማን ይይዘኛል?

መድፍ ተኳሽ ሲሉን እውነት መስሎን ነበር፣
ሩሯ ቆማ ሳለች ሲደበድብ አፈር።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ነው። ጋሼ ዘውዱ ፈገግ አሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ግን። ደረጄ በሩቁ ጣቱን አወዛወዘብኝ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ላይ ቤቶች ወዲያው ገፍተውን አፋፍ አደረሱን። እኔም ቀጠልኩ።

መስታወቱ ጥቁር መኪናውም ጥቁር፣
ፊቱን ለደበቀ ድምፅ አይሰጥም አገር።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሾፌሩ ደንግጦ መስታወቱን ቁልቁል ሲያወርድ ሳቁ እንደ አዲስ ተነሣ። ጄኔራሉ አሁን በአፍንጫቸው ይተነፍሱ ጀመር። ሠላሳ ምናምን ዓመት እሳቸው ሲናገሩ ሰው ሲያዳምጥ ነው የኖሩት፤ ማን ዘልፏቸው ያውቃል? ልተወው ይሆን አልኩ። ዘወር ብል እማሆይ የሺ መቋሚያቸውን ተደግፈው እያዩኝ ነው። አልሳቁም፤ ራሳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቁልኝ።  አወረድኩት።

ልጄ ይመጣል ብላ በሯን ከፍታ አድራ፣

«ቁም!»

የጄኔራሉ ድምፅ ነበር። ያ የጦር ሜዳ ድምፅ ጋፋትን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቃት። ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳው ውስጥ ያለ የቀድሞ ወታደር ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ! ሞላ የገና ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ ተረከዙን አጋጨ። አንድ የላይ ቤት ሰው አንድ እግሩን ካነሣበት ሳያወርድ ደርቆ ቀረ። ሩሯ ብቻዋን ቁልቁል ተንከባልላ ጉድጓድ ገባች። የሚስቅ የለም፣ የሚያስል የለም።  ደረጄ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

አለቀ አልኩ በልቤ። ሰውየው በገና ሜዳ ተቆጡ። ከእንግዲህ ማን ይመርጣቸዋል? ራሴን ረገምኩ፣ እማሆይንም በሆዴ ወቀስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጋሼ ዘውዱ እጃቸው እንደተዘረጋ ቆመዋል። የቆመውን ሰው አዩት፣ ከዳር እስከ ዳር። ሞላን አዩት። ስድሳ የተጠጋ ገበሬ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ትእዛዝ ይጠብቃል። በዓል ቀን ነው፤ በገዛ መንደሩ ነው፤ ግን ፈርቶ ቆሟል። ያን ጊዜ የሰውየው ፊት ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። የተዘረጋው እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«አሳርፍ» አሉ፣ በለሆሳስ።

ሁሉም ተነፈሰ። እግሩን አንሥቶ የነበረው ሰው ወደቀ። አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው። ጄኔራሉ ግን ወደ እኔ መጡ፤ አጠገቤ ቆሙ። በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዋልልኝ፣ ጨርሰው» አሉኝ።

ግጥም በእንጥልጥል አይቀርም። ድምፄ እየተሰባበረ ጨረስኩት።

ልጄ ይመጣል ብላ በሯን ከፍታ አድራ፣
አፈር ስትለብስም አልቆመ ከእሷ ጋራ።

የሚቀበለኝ ጠፋ። ሁልጊዜ እንደ ጎርፍ የሚቀበለኝ ሕዝብ አንገቱን ደፋ። ሲያማ የከረመው ሁሉ፣ ያ ባጃጄ ውስጥ ምላሱ የሚረዝመው ሁሉ፣ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በእኛ ወግ የተዘለፈ ሰው ወይ ይስቃል ወይ በግጥም ይመልሳል። ጄኔራሉ አልሳቁም።  ሪፖርት እንጂ ግጥም ካወጡ ስንት ዘመናቸው! በመጨረሻ ወጣላቸው።

በሩን አትዝጉብኝ ዛሬስ መጥቻለሁ፣

ከዚህ በላይ አልሄደላቸውም። ሁለተኛው መስመር ጠፋቸው። ዱላውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሦስት ኮከብ የተሸከመ ትከሻቸው እንደ ሕፃን ሲናጥ አየሁ። ላቀብላቸው ፈለግሁ፤ እኔ ዋልልኝ፣ በወረዳው ተወዳዳሪ የሌለኝ፣ አንድ ቃል አጣሁ።

ከሰው መሃል እማሆይ የሺ ብቅ አሉ። መቋሚያቸውን ለአንዷ ሴት አስያዙና አንገታቸው ላይ ያለውን የቁልፍ ክር በራሳቸው በኩል አወጡት። ድምፃቸው ሰላላ ነው፤ ግን ያልሰማው ሰው አልነበረም።

ግባ ልጄ ግባ እኔ እከፍታለሁ።

ምድር ቀውጢ ሆነች! እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ልቅሶው ተደባለቀ። በልደት ቀን አይለቀስም ብለው ቄሱ ቢቆጡ ማን ሊሰማቸው! ሞላ አለቃውን አንገታቸውን አንቆ ሳማቸው፤ ከዚያም ወደ ጨዋታው ጎትቶ አስገባቸው። ጄኔራሉ ሱሪያቸውን አጥፈው ለታች ቤት ተሰለፉ። ወዲያው አንድ የላይ ቤት ጎረምሳ ቅልጥማቸውን በዱላ አቀመሳቸው። ልጁ በድንጋጤ ሊሞት ደረሰ። እሳቸው ግን እያነከሱ ሳቁ፣ አሁን በሙሉ አፋቸው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። ተሸነፍን፤ እንዲያውም ክፉኛ ተሸነፍን። የላይ ቤቱ አውራጅ እንደ ልቡ ዘለፈን፤ እሳቸውም ሲዘለፉ ከማንም በላይ እያጨበጨቡ ተቀበሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረጄ መኪናውን አስነሥቶ ሌላ ስብሰባ እንዳለ ነገራቸው። ይቆዩኝ ብለው እኔ ባጃጅ ውስጥ ገቡ፣ እማሆይን አጠገባቸው አስቀምጠው። መንደሩ በሙሉ በእግሩ ተከተለን። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብተው ከእናታቸው መቃብር ሥር ተንበረከኩ፤ እኛ ከአጥሩ ውጭ ጠበቅን። ከዚያ ወደ ቤቱ ወረድን። እማሆይ ቁልፉን ሰጧቸው። የዛገው ቁልፍ አንዴ እምቢ አለ፤ ሁለተኛው ላይ ተከፈተ።

ጋሼ ዘውዱ ቸኩለው ሲገቡ ግንባራቸው ከመቃኑ ጋር ጓ ብሎ ተጋጨ። ያ ሁሉ ሕዝብ ክው አለ። እሳቸው ግንባራቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። እማሆይ የሺ ከኋላቸው ሆነው ጀርባቸውን ዳበሱ።

«እናትህ ሁልጊዜ ጎንበስ ብለህ ግባ ትልህ ነበር» አሏቸው።

ጄኔራሉ ጎንበስ ብለው ገቡ። በሩን ግን አልዘጉትም።