ረግረጉ እርሻ አልነበረም

የካርታ ባለሙያዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ደመና» ይሏታል። የሳተላይት ምስል በከፈተች ቁጥር «ይኸው፣ ዛሬም ደመና ሸፈነው!» እያለች ስለምትነጫነጭ ነው። ስሙን ለምዳዋለች፤ ሲጠሯት አቤት ትላለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት አክስቷ ቢሮዋ ከተፍ አሉ። ከከተማው በታች ካለው ረግረግ ደንገል እያጨዱ፣ ምንጣፍ እየሠሩ አምስት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ወንበር እንኳ ሳይዙ፣

«ረግረጉ ሊደፈን ነው አሉ። አንድ ድርጅት መጋዘን ሊሠራበት» አሏት።

«ማን ፈቅዶላቸው?»

«እርሻ ነው ብለዋላ! ካርታው ላይ እርሻ ተብሎ ተጽፏል ይላሉ። እስቲ ያንን ካርታ የሠራውን እውር አሳዪኝ!»

ካርታውን ከፈተችው። ከታች ጥግ ላይ የአዘጋጁ ስም ተጽፏል፤ የራሷ ስም ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በበጋ ከተነሳ አንድ ምስል ብቻ ነበር የሠራችው። የደረቀው ደንገል ከላይ ሲታይ የደረሰ ሰብል መስሏታል። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«እትዬ፣ እውሯ እኔ ነኝ።»

አክስቷ ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲያው ዓይንሽን ግለጪ» አሉና ወጡ።

የከተማው የመሬት ኮሚቴ በፈቃዱ ላይ ለመወሰን የሚሰበሰበው በዘጠነኛው ቀን ነው። የሠላሳ ዓመት ምስሎች ሰበሰበች። በክረምት ከተነሱትም ከደመና የተረፈውን ቁራጭ ከዚህም ከዚያም እየለቀመች ገጣጠመችው። ከዚያ ቦት ጫማ አጥልቃ፣ የቦታ መለኪያ መሣሪያዋን ይዛ ከአክስቷ ጋር ረግረጉ ውስጥ ገባች።

«ይሄ ደንገል ነው። ይሄም ደንገል ነው። ያ ማዶ ያለው ማሽላ ነው» ይላሉ አክስቷ እየቀደሙ። «ደግሞ አደራ፣ ሁለቱን እንዳታምታቺ!»

ስልሳ ቦታ ላይ ቆመው መዘገቡ። ስልሳ አንደኛው ላይ አክስቷ ድንገት እስከ ወገባቸው ሰመጡ። በሣር የተሸፈነ፣ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ቦይ ነበር። ውሃውን እየሳበ ወደ ወንዙ ያወርደዋል።

ማስረጃውን ለስብሰባው ልታቀርብ መሆኗን ኃላፊዋ ስትሰማ ደነገጠች። «ስህተትሽን በአደባባይ ልትናገሪ ነው? መሥሪያ ቤቱንም ታዋርጂዋለሽ!»

«ዝም ካልኩ ነው የማዋርደው።»

በስብሰባው ዕለት የድርጅቱ ጠበቃ ካርታውን ከፍ አድርጎ፣ «ይህን የሠራው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጠበቃው ፈገግ አለ። «ያኔ ከተሳሳቱ፣ ዛሬስ ላለመሳሳትዎ ምን ዋስትና አለን?»

«ያኔ አንድ ምስል አይቼ ፈረድኩ፤ እግሬም ቦታውን አልረገጠም። ዛሬ ሁለት መቶ አርባ ምስሎች ይዣለሁ። ስልሳ ቦታ ላይም ቆሜያለሁ።»

ምስሎቹን በተከታታይ አሳየቻቸው። ሰማያዊው ውሃ በየክረምቱ ይሰፋል፣ በየበጋው ይጠባል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነበር። ከዚያ አንድ ቀጭን መስመር ብቅ አለ፤ ሰማያዊውም እየከሰመ ሄደ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይህ መስመር ምንድነው?»

«ቦይ ነው ጌታዬ!» ብለው አክስቷ ከኋላ ተነሱ። «እስከ ወገቤ ገብቼበታለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ግን ወደ ጠበቃው ዞሩ። «ቦዩን ማን ቆፈረው?» ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠና፣ «ድርጅቱ ነው፤ መሬቱን ለማድረቅ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ፦ የግንባታው ፈቃድ ተሰርዟል፤ ቦታው ረግረግ ተብሎ ይመዝገብ፤ ቦዩንም የቆፈረው ድርጅት ይድፈነው። የአክስቷ እልልታ ኮሪደሩን ሞላው። ኃላፊዋም ሳታስበው ስታጨበጭብ ተገኘች።

ክረምቱ እንደወጣ አዲስ ምስል መጣ። ባልደረቦቿ ኮምፒውተሯን ከበው ቆሙ። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«እትዬ፣ ረግረጉ ሞላ!»

«ላንቺ ገና አሁን ነው የታየሽ?» አሉ አክስቷ፣ ከስልኩ ወዲያ ውሃ እየተንቦጫረቀ። «እኔ እኮ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ እያጨድኩ ነው!»