ከግንቡ ውጭ

«ቅዳሜማ አይሆንም» አሉ ፓስተር ሃርላን፣ የቀዘቀዘ ሻይ የያዘውን ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳሳረፉ። «ጨዋታ አለ። ሬሳ የሚሸከም ሰው እንኳ አናገኝም።»

«ቅዳሜ ብንቀብረው ሮይስ ራሱ ከሣጥኑ ወርዶ ወደ ስታዲየም ይሄዳል» አለች የቬልማ ጎረቤት ማቪስ። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅር በይኝ፣ ቬልማዬ።»

ቬልማ አልተቀየመችም። በዚህ የአላባማ ከተማ የኮሌጁ የፉትቦል ቡድን በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ ቀብር የሚያስብ የለም። «ዓርብ ይሁን» አለች።

ባሏ ሮይስ ትናንት በሚሠራበት ጎሚስታ ጎማ ሲያነሳ ልቡ ቀጥ አለች። ቬልማ እንዲህ ያለ የመርዶ ስልክ ከተጋቡ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር የኖረችው። ክሪክ ተንሸራቶ መኪና ሲወድቅበት፣ ጎማ ሲፈነዳበት፣ ሁሉንም በሐሳቧ አይታዋለች። ልቡን ብቻ አላሰበችም። ካሰበችው የማይደርስ ይመስላት ስለነበር፣ ያላሰብኩት ደረሰ ብላ ራሷን ወቀሰች።

ለቀስተኛው በፎይል የተሸፈነ ምግብ እየያዘ ይገባል፤ ዶሮ ጥብስ፣ የድንች ሰላጣ፣ ኬክ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሮይስ ያወራል፤ የሁሉም ወሬ ግን ዞሮ ዞሮ ስታዲየሙ አጠገብ ያለው ድልድይ ጋ ያርፋል። ሮይስ በጨዋታ ቀን ሁለት ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የሚቆመው እዚያ ነበር፤ ሁለት ትኬት እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። ትልልቆቹን ጨዋታዎች የጎማ ጠጋኝ ደመወዝ አይደፍራቸውም። ድልድዩ ጋ ትኬት የሚቸረችሩት ጨዋታው ሲጀመር ዋጋ ስለሚቀንሱ ሮይስ እስኪጀመር ይታገሣል።

«ጨዋታው ከተጀመረ ትኬት የማታ ቲማቲም ነው» ይል ነበር። «ሻጩ ራሱ ይለምንሃል።»

ልጃቸው ዴልሲ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አብራው መሄድ ጀመረች። ቬልማ ተቃወመች። «ሰው ሲሯሯጥ ይረግጣታል። ደረጃው ይደረመሳል። ትጠፋብሃለች።» ሮይስም «እኔ እያለሁ?» ብሎ የሚስቱን ግንባር ሳመ።

ሲመለሱ ዴልሲ ያየችውን ሁሉ ታወራለች፤ ማን እንደሮጠ፣ ማን እንደወደቀ። ሮይስ ግን የሚያወራው ስለ ጩኸቱ ብቻ ነው። «መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ጫማዬ ውስጥ ተሰማኝ» ይላል። ቬልማ ይህን ልብ ብላ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የማቪስ ባል፣ «ሮይስን ጨዋታው ተጋምሶ ከስታዲየሙ ውጭ አየሁት፤ ከአንዲት ሴት ጋር ቆሟል» አላት። ባሏን አልጠየቀችውም። የምትፈራውን ነገር ከጠየቀች እውነት ይሆንባታል። ከዚያ ጀምሮ ያቺ ፊቷን የማታውቃት ሴት ቤቷ ገብታ አብራት ኖረች። ቬልማ የሮይስን ሸሚዝ ስታጥብ ታሸትተዋለች፤ የጎማ ሽታ እንጂ ሌላ የለበትም። አሁንም፣ እሱ ሞቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ የሰማች ሲመስላት መጥቶ ሊናዘዝልኝ ይሆን እያለች ትደነግጣለች።

ሐሙስ ከሰዓት ዴልሲ እናቷ አልጋ ላይ መጥታ ተጠጋቻት።

«እማዬ፣ እንዳትቆጪኝ። ስታዲየም አብረን አልነበረም የምንቀመጠው። እንዳትደነግጪ ብሎ ነው እንዳልነግርሽ ያስማለኝ። እኔን ታች ያስቀምጠኛል፣ እሱ ላይኛው ፎቅ። ነጠላ ነጠላ ትኬት ይረክሳላ! በእረፍት ሰዓት ወደ ላይ እጄን አውለበልብለታለሁ፣ እሱም ያውለበልብልኛል።»

«ታይው ነበር?»

«ሁሌ ነዋ! በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አየው ነበር።»

ቬልማ ልጇን አቀፈቻት። ከትከሻዋ በላይ ግድግዳውን እያየች፣ በቃ፣ እውነት ነው፣ አለች በልቧ። ልጄን ለሕዝብ ጥሎ ወደ ሴቲቱ ይሄድ ነበር።

ዓርብ ቀበሩት። ከመቃብር ተመልሰው ሰው ሲሳሳ አንዲት ሴት ደጁ ላይ ቆመች። ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ጃኬቷ ኪስ በኪስ ነው፣ በእጇ የሱቅ ኬክ ይዛለች። ቬልማ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ይህቺ ናት።

«እግዜር ያጽናዎት። ትሩዲ እባላለሁ» አለች ሴቲቱ በሻከረ ድምፅ።

«ባለቤቴን በምን ያውቁታል?»

«ድልድዩ ጋ ትኬት እሸጣለሁ።»

«ጨዋታው ከተጀመረም በኋላ አብሮዎት ይቆም ነበር አሉ።»

ትሩዲ አፍጥጣ አየቻት። ነገሩ ሲገባት ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ የቬልማን ፊት ስታይ ዋጠችው።

«ከእኔ ጋር? ኧረ የኔ እመቤት! እኔን ማን ያቆመኛል፤ ሲመሽ እግሬ ያብጣል። እሱ የሚቆመው ከግንቡ ጋር ነው። ዋጋው ሲወርድ ሁለት የነበረችው ጣቱ አንድ ትሆናለች። ልጅቷን ያስገባና ሰሜን በር አጠገብ ግንቡን ተደግፎ ያዳምጣል። ዝናብ ይምጣ፣ ብርድ ይምጣ፣ ንቅንቅ የለም።»

«ገንዘብ አጥቶ ነው?»

«መጀመሪያ እኔም እንደዚያ መስሎኝ፣ አንድ ቀን የተረፈኝን ትኬት በነፃ ዘረጋሁለት። 'አይ ትሩዲ' አለኝ። 'ውስጥ አንድ ነገር ቢፈጠር ልጅቷ የምትወጣው በዚህ በር ነው። ሚስቴ ክፉ ክፉው ነው የሚታያት። አንድ ሰው በሩ ጋ ካለ እሷም ቤቷ ሆና ትተነፍሳለች' አለኝ። እኔ ደግሞ ያውቁ መስሎኝ።»

ቬልማ ኬኩን ተቀበለች። የት እንደምታስቀምጠው ግን ጠፋት። ያ ሁሉ ቅዳሜ እሷ ቤቷ ሆና አንድም ቀን አልተነፈሰችም። ያቺን በሐሳቧ የኖረችውን ሴት ከቤቷ ስታስወጣ በምትኳ ሮይስ ገባ፤ ዝናብ የወረደበት፣ ጀርባውን ለግንብ የሰጠ ሮይስ። ያቆመው የእሷ ፍርሃት ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዴልሲ ጫማዋን አጥልቃ መጣች።

«እማዬ፣ ልሂድ። አባዬ የነበረበትን ላይኛውን ፎቅ ከታች ሆኜ ልየው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ማቪስ ከሶፋው ላይ ጮኸች፦ «በቀብሩ ማግስት? ሰው ምን ይላል?»

ቬልማ መንገር ትችል ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ አባትሽ ኖሮ አያውቅም ለማለት አፏን ከፈተች። ልጅቷን አየቻት። ያን የሚያውለበልብ እጅ ከተነጠቀች ምን ይቀራታል?

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጨዋታው ተጀምሯል። ትሩዲ ሁለቱን ስታይ አንድ ትኬት በርካሽ ለቀቀችላቸው።

«አንቺስ እማዬ?» አለች ዴልሲ።

«ትሩዲ ታፈላልግልኛለች። ነጠላ ነጠላ ይረክሳል አላልሽም? እኔ ላይኛው ፎቅ እሆናለሁ።»

«በእረፍት ሰዓት አውለበልብልሻለሁ!»

«አይሻለሁ።»

በሩ ልጇን ዋጣት። ቬልማ በግንቡ ጥግ ተራመደች። ሰሜን በር አጠገብ ጥላ ያረፈበት ቦታ አገኘች፤ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጠች። ውስጥ ሰው ጮኸ። ጩኸቱ በድንጋዩ አልፎ አከርካሪዋን አንቀጠቀጣት፣ ወደ እግሯም ወረደ። ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

ከዚያ ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘች፣ አንድ ሰው ግንቡን ተደግፎ አጠገቧ የሚቆምበት ያህልም ትንሽ ፈቀቅ አለች።