የማያንኮራፋው ሰውዬ

ቧንቧ ሠራተኛው በሁለት ነገር ይኮራል። አንደኛው፣ ሲተኛ አያንኮራፋም። ሁለተኛው፣ ስቅታ የሚባለውን ሙዚቃ የወለደው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሚስቱ አትቀበለውም። ሁለተኛውን ግን ከአንድ ፍራሽ መሸጫ ሥር ባለችው ምድር ቤት የሚሰበሰብ ሁሉ ይመሰክርለታል።

ስቅታ ምን መሰላችሁ፣ በኮምፒውተር የሚቀመም ሙዚቃ ነው። ምቱ እየገሰገሰ ይመጣና ስቅ እንዳለው ሰው ድንገት ቀጥ ይላል። ጨፋሪው አንድ እግሩን እንዳነሳ ይቀራል፤ ከዚያ ምቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሬዲዮ አያውቀውም፤ እነሱም ሬዲዮ ስለማያውቀው ደስ ይላቸዋል። በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የሚገናኙት። ግድግዳው ሁሉ ፍራሽ ተደግፎበታል፤ ላይ ያለው ሻጭ መጨፈራቸውን የሚያውቀው ውስጥ እግሩን ሲኮረኩረው ብቻ ነው።

ሙዚቃው እንዳይሻግት ደንብ አላቸው። አንድ ድምፅ ዓመት ከሞላው ይቀበራል። ባለቤቱ በገዛ እጁ ከየኮምፒውተሩ ያጠፋዋል፤ የቀሩት ለቅሶ እንደደረሰ ሰው አንገታቸውን ደፍተው "ያጽናህ" ይሉትና ይስቁበታል። ለሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ ድምፅ ካላመጣ እስኪያገኝ ድረስ የድምፅ ማጉያ ተሸካሚ ነው። አዲሱ ሲመጣም፣ ከሰው ሙዚቃ የተሰረቀ እንዳይሆን፣ ምንጩ በሁሉም ፊት ይነገራል።

በዚህ ደንብ የበሩ ሲጢጥታ ተቀበረ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ተቀበረ። አየር የገባበት ቧንቧ "ጉልክ" ሲል የተቀዳው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ድምፅ ብቻ ስንት ዓመት ሳይነካ ኖረ። እሱ ከማማሩ የተነሳ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ጸጉር ሠሪዋ ነገሩን አፈረጠችው። ከመካከላቸው የሰው ፊት አይታ የማትናገር እሷ ናት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎን ጉልክ ያልቀበርነው በይሉኝታ ነው።"

"የምን ይሉኝታ?"

"የሽበትዎ ነዋ። እኛም ከእርስዎ እየቀዳን ሁላችንም ጉልክ ጉልክ ስንል ከረምን። ባለፈው የመጣው እንግዳ እኮ፣ ቧንቧችሁ ተበላሽቷል ወይ አለኝ።"

ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ አየ። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያያል። ተነሳና ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞረ ጉልኩን አጠፋው። "ያጽናዎት" ሲሉት ማንም አልሳቀም። የከፋው ይሄ ነው።

ስቅታን ወልዶ ስቅታ ቤት ተሸካሚ ሆኖ ሊቀር ነዋ። ያን ሰሞን ቤቱን አመሰው። የድስት ክዳን ደበደበ፣ የቁም ሳጥኑን በር እየከፈተ ዘጋ፣ ባልዲ ውስጥ አንገቱን ከትቶ አጉረመረመ። ቀድቶ ሲያዳምጠው ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያው ጉልክ ነው።

ሚስቱ ድንች እየላጠች ስታየው ቆየችና እጇን ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

"እኔ ዘንድ አንድ አለ። ስማው እስቲ።"

ድምፁ ከሩቅ ተነሳ፤ ተንደረደረ፤ አፋፍ ላይ ደርሶ ጭጭ አለ። ሞተ ሲባል በርግዶ ወጣና በቀጭን ፉጨት አለቀ። ሰውዬው የያዘው ክዳን ከእጁ ወደቀ። እንዲህ ያለ ስቅታ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

"የት አገኘሽው? የምን ጄኔሬተር ነው?"

"ጄኔሬተሩ ከጎኔ ነው የሚተኛው።"

ሰውዬው ክዳኑን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"እኔ አላንኮራፋም።"

"እሺ። ያንተ ካልሆነ ላጥፋው።"

"ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ምን አጣደፈሽ?"

"እሰጥሃለሁ። ግን እኔም እመጣለሁ፤ ምንጩ ሲነገር በጆሮዬ ልስማ።"

በስብሰባው ቀን ሚስት ከተጠቀለለ ፍራሽ ላይ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ድምፁ ተለቀቀ። ጭጭ ሲል ጨፋሪው ሁሉ አንድ እግሩን አንስቶ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ግማሹ ሚዛኑን ስቶ ፍራሽ ላይ ተዘረረ። በርግዶ ሲወጣ ደግሞ የወደቁት በወደቁበት መጨፈር ጀመሩ። ይህን ያህል ጊዜ ሲሰበሰቡ ተኝቶ የጨፈረ አልነበረም።

"ምንጩ ጋሼ?" አለች ጸጉር ሠሪዋ እያለከለከች።

"ጄኔሬ..."

ሚስት ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እኔ ነኝ፣" አለ መሬት መሬቱን እያየ፤ "ተኝቼ።"

"ጎላ አድርገህ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣" አለች ሚስት።

"አንኮራፋለሁ። ይኸው አልኩ። አንኮራፋለሁ።"

ምድር ቤቷ በሳቅ ፈረሰች። ቧንቧ ሠራተኛው ሲሳቅበት ፊቱ ተፈታ፤ ለካ ይሄ ነው የናፈቀው።

ሚስት እንባዋን እየጠረገች ወደ ጸጉር ሠሪዋ ዞረች። "ልጄ፣ ዓመት ሲሞላው ትቀብሩታላችሁ አሉ?"

"ደንብ ነው እትዬ።"

"ከነምንጩ ነው?"

"ምንጩንማ ደህና አድርገው ያስተኙልን። ለከርሞ ሌላ እንፈልጋለን።"

ሴትዮዋ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"የዘንድሮው በጀርባው ተኝቶ ነው፣" አለች። "ለከርሞ በጎኑ አስተኛዋለሁ።"