ፀሐይ ለቡና ብቻ

ሳቢሃ ከጅማ አጋሮ ድረስ የመጣችው የእህቷን ልጅ ለማየት ነበር፤ አይታም በገነች። ፋሂም ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶታል፣ ግን አይቆምም። ግንባሩ ወጣ ወጣ ብሏል፣ የእጁ አንጓ ወፍሯል፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ጎብጠዋል።

ሳቢሃ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት ታጸዳለች። ሰው ከመድኃኒቱ ካርቶን አውጥቶ የሚጥለውን ወረቀት ሁሉ አንብባ ጨርሳለች፤ ያልገባትን ደግሞ ፋርማሲስቱን እየነዘነዘች ተረድታለች።

«ፀሐይ አጥቶ ነው» አለች። «የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። አጥንቱ ለስልሷል፤ ዝም ከተባለ እንደ ጎበጠ ይቀራል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ልውሰደው።»

የእህቷ አማት አዴ ሰሊማ ከሶፋው ሳይነሱ ሳቁ። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ምን ጎደለና? ወተት አለ፣ ሥጋ አለ። ፀሐዩም ይኸው» ብለው ከወለል እስከ ጣሪያ የተገጠመውን መስኮት አሳዩዋት። አጋሮ ውስጥ እንዲህ ያለ መስታወት ያለው ቤት ሁለት ብቻ ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው የማን እንደሆነ ግን ተናግረው አያውቁም።

«በመስታወት ብርሃን ይገባል እንጂ አጥንት የሚያጠነክረው ጨረር አያልፍም።»

«እና ውጭ አውጥቼው ምች ይምታው? የሰው ዓይን ይብላው?»

ሳቢሃ በዚያው በተመኩበት መስኮት ወደ ግቢው አየች። እሸት ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ አራት ሴቶች ያገላብጡታል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ይሸፍኑታል፣ በረድ ስትል መልሰው ይገልጡታል።

«ለቡናው የፀሐይ ሰዓት አንድ በአንድ ታውቃላችሁ» አለች። «ለልጁ ሲሆን ትደነቁራላችሁ። ቡናው ሻግቶ ቢሆን እኮ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ታስመጡለት ነበር።»

እህቷ ዙቤይዳ መሬት መሬት አየች። የቤቱ አባወራ ሐጂ ሙርሺድ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ድምፃቸውን አላነሱም።

«የቤቴን እመቤት ሰድበሽ የልጅ ልጄን ይዘሽ አትወጪም። ይቅርታ ጠይቂና ሐኪም ጋ ውሰጂው። እምቢ ካልሽ በሩ ያውና፤ ልጁ እዚሁ ነው።»

ሳቢሃ በሃያ ሁለት ዓመቷ ማንንም ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። ልትወጣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ ፋሂም የሶፋውን ጫፍ ይዞ ተንጠራራ። ጉልበቱ ከዳውና ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ ለምዶታል።

ጎንበስ ብላ የአዴ ሰሊማን ጉልበት ሳመች። «ይቅር ይበሉኝ፣ አዴ። አፌ ነው።»

«አላህ ይቅር ይበልሽ» አሉ አዴ ሰሊማ፤ ፊታቸው ወዲያው ፈካ። ከዚያ ምክር ጀመሩ። ሴት ልጅ ዝም ስትል እንደሚያምርባት፣ ንባብ የበዛባት ሴት ባል እንደሚሸሻት፣ ሌላም ሌላም።

ሳቢሃ አንዱንም አልሰማችም። ከተናገረችው ይቅርታ ውስጥ ጠብታ እውነት አልነበረም፤ እንዲያውም በዚህች ይቅርታ የተደሰቱትን ሰዎች ከቅድሙ የበለጠ ናቀቻቸው። ምክሩ ሳያልቅ ልጁን አቅፋ፣ ራሱን ሳትሸፍነው፣ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ገባች። ዙቤይዳም ሻርፗን እያስተካከለች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ተከተለቻት።