አርባ ሰባት ሚሊ

መምህር ሕሩይ ፈሪ ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ኮተቤ ባለው ኮሌጅ ቅየሳ የሚያስተምራቸው ልጆች ግን ይህን ቢሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ። እነሱ የሚያውቁት ኮቴው ከሩቅ ሲሰማ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኘውን ሽማግሌ ነው።

በወጣትነቱ ሌኒንግራድ ተምሮ፣ ከሩሲያኖች ጋር አንታርክቲካ ድረስ ሄዶ ሠርቷል። ሥራቸው በረዶው ላይ እንጨት እየተከሉ ካርታ ማንሳት ነበር። ዛሬ የተከሉት እንጨት በሳምንቱ ሲለካ ቦታው ላይ አይገኝም፤ በረዶው ይሄዳላ! አንድ ቀን ከፊቱ የነበረው ትራክተር፣ ምንም ነገር የሌለበት በሚመስል ነጭ ሜዳ ላይ፣ ከነሾፌሩ በበረዶው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ቀን የሰማውን ድምፅ ሕሩይ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። የማይንቀሳቀስ መሬት ናፈቀውና አገሩ ገባ።

አገሩ ገብቶ ሃያ ዓመት ግንባታ ላይ ዋለ። አያት አካባቢ የስንቱን ቤት መሠረት አስቆፈረ፤ እንጦጦ ግርጌም የዳገቱን አፈር የሚይዝ ረጅም የድንጋይ ግንብ አሠራ። ሥራ ባለቀ ቁጥር ሌላው ሲደግስ እሱ ስንጥቅ ይፈልጋል። በመጨረሻ ሰለቸውና፣ በጠመኔ የሞተ ሰው የለም ብሎ መምህር ሆነ።

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ተማሪዎቹን ለልምምድ ወደዚያው ግንብ ይሰዳቸዋል። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አለት ላይ ከተመታ ምልክት ተነስተው፣ ከፍታውን ሌቭል በሚባለው መሣሪያ እየለኩ ግንቡ አናት ላይ እስካለው ብሎን ይወርዳሉ። የብሎኑን ከፍታ ግንቡ ሲያልቅ ሕሩይ ራሱ ለክቶ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የተማሪው ውጤት ከመዝገቡ ከአሥር ሚሊ በላይ ከራቀ ዜሮ ነው። ልመና የለም፣ ድጋሚ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የሁሉም ልክ እንደ መዝገቡ ሆኖ ሲመጣለት፣ ማስተማር ማለት እንዲህ ነው እያለ በራሱ ይኮራ ነበር።

ዘንድሮ ሶሬቲ የምትባል ልጅ ከመዝገቡ አርባ ሰባት ሚሊ ዝቅ ያለ ልክ ይዛ መጣች።

"አርባ ሰባት?" አለ ወረቀቷን ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጎ። "በገመድ ነው እንዴ የለካሽው?"

"ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ መምህር። ሦስቱም ያው ነው።"

"ሦስቴ ተሳስተሻላ!"

ማንም አልሳቀም። ሕሩይ ይህን ልብ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ዜሮውን በቀይ ጻፈና፣ እንዴት እንደሚለካ ሊያሳያት በማግስቱ ጠዋት ይዟት ወጣ።

ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦታል፤ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ውሃ አሁንም በመንገዱ ዳር ይወርዳል። ከአለቱ ምልክት ጀምረው እየለኩ ወረዱ። በመጨረሻ ሶሬቲ መለኪያውን ዘንግ ብሎኑ ላይ አቁማ ያዘች፤ ሕሩይ አየ፣ ጻፈ፣ ቀነሰ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ቀነሰ።

አርባ ዘጠኝ።

ልጅቷ የለካችው ሰኞ ነው፤ ዛሬ ኀሙስ ነው። በሦስት ቀን ሁለት ሚሊ። ሶሬቲ አልተሳሳተችም። ግንቡ እየወረደ ነው።

ሕሩይ አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ድንጋዩን አላመነውም። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሕጻናት ጫጫታ ይሰማል። ከግንቡ ሥር የወይዘሮ ሀውላ የሕጻናት ማቆያ አለ፤ እናቶቻቸው ቢሮና ሱቅ የሚውሉ ልጆች ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የፈራው ለራሱ ነው። ግንቡን ያሠራው እሱ፣ የፈረመው እሱ። በስድሳ ሦስት ዓመቱ ችሎት ፊት ሊቆም! ሌቭሉ ተበላሽቷል ብሎ ቢመለስስ ማን ያውቃል? እንዲህ እያሰበ ሳለ ከታች አንድ ሕጻን ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላ ሕጻን ደግሞ በኮልታፋ አፉ ያባብለዋል። ሕሩይ በራሱ አፈረ። ተነስቶ ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ ወረደ።

ሀውላ በር ላይ አገኘችው።

"ልጆቹን አውጪ፤ አሁኑኑ። ግንቡ እየሄደ ነው።"

"ምን ማለትዎ ነው መሐንዲስ?" ሮጣ ገብታ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አወረደች። "ይኸው ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሰጡኝ! 'ግንቡ ምንም ለውጥ አላሳየም' ይላል። ፊርማው የማን ነው? ወላጆቹ ይህን አይተው አይደለም እንዴ የሚያምኑኝ?"

የእሱ ነው። የተማሪዎቹን ልኬት አምኖ በየዓመቱ የሚጽፍላት እሱ ነው፤ ያውም ለበጎ ብሎ።

"ውሸት ነው" አላት።

"ማን ነው የዋሸው?"

"አላውቅም። ወረቀቱን ተይውና ልጆቹን አውጪ፤ እግርሽ ላይ ልውደቅ።"

"ዛሬ ይወድቃል?"

"ላይወድቅም ይችላል። አላውቅም ሀውላ።"

በእንዲህ ያለ መልስ ማንም ሰው ቤቱን አይለቅም። ሀውላ ግን አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየች። "ያ ረቢ!" ብላ ወደ ውስጥ ዞረችና ልጆቹን ተጣራች።

ሃያ ሦስት ሕጻናት አንዱ የአንዱን ሹራብ ይዘው ወጡ። መውጫው መንገድ ደግሞ ግንቡን ታክኮ ነው የሚያልፈው። ሕሩይ ከግንቡና ከልጆቹ መሃል ገብቶ ሄደ፤ ቢወድቅ የሚመክተው ይመስል። ሞኝነት መሆኑን ያውቃል። ከድንጋዮቹ መጋጠሚያ ጭቃማ ውሃ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ አንዲት ልጅ ጫማዋ ወለቀና ቆመች፤ ሰልፉ ሁሉ ቆመ። ሕሩይ ልጅቷን ብድግ አድርጎ አቀፋት፤ ጫማው እዚያው ቀረ።

ራቅ ብሎ ያለው የሰፈሩ ዕድር አዳራሽ ሲደርሱ ሀውላ ቆጠረች፤ እሱም ቆጠረ። ማንም አልጎደለም። ግንቡም አልወደቀም። ሕሩይ ወረዳ ደወለ፤ ስሙን ተናገረ፤ ግንቡን ያሠራው እሱ መሆኑንም ሳይጠየቅ ተናገረ። ሰው እንልካለን፣ ማንም እንዳያልፍ አሉት።

ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ተከትላው የወረደችው ሶሬቲ አጠገብ ተቀመጠ።

"ይህ ግንብ በአንድ ክረምት አይደለም አምስት ሳንቲ ሜትር የወረደው" አላት። "ከአንቺ በፊት የነበሩት እንዴት ገጠመላቸው? ሳይወጡ ነው የጻፉት?"

"ወጥተዋል መምህር።"

"ታዲያ?"

"አምና ዓምደ ሚካኤል ሠላሳ አንድ አግኝቶ ነበር። ካቻምና ሙሉነሽ አሥራ ስምንት። ከመዝገብዎ ጋር እስኪገጥም ቁጥሩን እያስተካከሉ ጻፉት። ሁላችንም እናውቃለን።"

"ሁላችሁም? ታዲያ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አይነግረኝም? ምን ፈርታችሁ ነው?"

ሶሬቲ ቀና ብላ አላየችውም።

"እርስዎን" አለችው።